የጋሼ ተክሌ ወገብ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እናቴ አታውቀውም። ለነፍስ አባቴ ልናገር ሄጄ፣ ፊታቸውን ሳይ አፌ ተሳሰረና በጾም ቅቤ የነካው ሽሮ መብላቴን ተናዝዤ ተመለስኩ። ለቅቤው ሰገድኩ። ለዚህኛው ግን እስከ ዛሬ አንድም ስግደት አልሰገድኩም። እናንተን አንባቢዎቼን የመረጥኳችሁ ከእሳቸው ስለምትሻሉ አይደለም፤ ፊታችሁ ስለማይታየኝ ነው።

ኃጢአቴ ይህ ነው፦ አንድ ጤነኛ ሰው አሳመምኩ። መርዝ አልሰጠሁም፣ ድግምት አላስደገምኩም። በምላሴ አሳመምኩ። ያውም እኔ! ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ፣ ሌላ ሰው እስኪል ጠብቄ፣ ከቤቴ አልፌ የምወርድ እኔ።

ያሳመምኩት ሰው ጋሼ ተክሌ ናቸው፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም። ሐረር ውስጥ፣ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ፣ ቀለምና የቧንቧ ዕቃ የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል፣ ልጅ አልወለዱም። ቤታቸው ከጀጎል ግንብ ውጪ፣ ከሸዋ በር አለፍ ብሎ፣ ከእኛ ቤት ጋር አጥር ይጋራል። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሱቃቸውን ዘግተው ሲመለሱ ጎረምሶች አስቁመው ኪሳቸውን አራገፉ፣ ስልካቸውን ወሰዱ፣ ጫማቸውንም አስወልቀው ሄዱ። ጋሼን ያንገበገባቸው ገንዘቡ አልነበረም። ያንገበገባቸው በካልሲ ሆነው በእትዬ አስካለ ሱቅ በር ማለፋቸው ነው።

እትዬ አስካለ ሸዋ በር አጠገብ ክር፣ ቁልፍና ዚፕ ይሸጣሉ። እሳቸውም ባላቸው ሞተውባቸዋል። ጋሼ ተክሌ ልብስ ሰፊ አይደሉም፤ ቤታቸው ግን በየቀለሙ ክር ሞልቶት ነበር። ከዚህ በላይ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

«አየችኝ እኮ» አሉኝ። «ልጄ፣ በካልሲ አየችኝ። ያውም አውራ ጣቴ የወጣበት።»

በዚያው ሰሞን ሽጉጥ ለመያዝ አመለከቱ። ለፈቃዱ ብዙ ተመላለሱ፣ በመጨረሻም ተሰጣቸው። ሽጉጡ ቤት ሲገባ ምስጢሩን የነገሩት ለእኔ ብቻ ነው። ለምን ለእኔ? «አንቺ እንግሊዝኛ ታነቢያለሽ፣ ደግሞ አፍ የለሽም» አሉ። «ታጥቆ የማያውቅ ሰው እንዴት ነው የሚታጠቀው? አንብቢና ንገሪኝ።»

አፍ የለሽም። እንዴት ያለ ምስክርነት ነበር!

እኔ የተማርኩት የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ነው። ዶሮ ሲታረድ ጓዳ የምደበቅ ሰው ነኝ። ቢሆንም አደራ ነውና ስልኬ ላይ አፍጥጬ ስለ ምላጭና ስለ አፈሙዝ ሳነብ ሰነበትኩ። ምክሩ ጥሩ ነበር። ከእናንተ መሀል ለመጀመሪያ ጊዜ ሽጉጥ የያዘ ካለ፣ ከኃጢአቴ ለይቶ ይውሰደው። ለመተኮስ ካልቆረጣችሁ ጣታችሁ ምላጩን አይንካ። ባዶ ነው ብላችሁ እንኳ አፈሙዙን ወደ ሰው አታዙሩ። ታጥቃችሁ አትጠጡ። ሰው ቢሰድባችሁ ካልታጠቀ ሰው የበለጠ ታገሡ፤ የታጠቀ ሰው ቁጣ የሚያስከፍለው ብዙ ነውና። ቤት ስትገቡ ቆልፉበት። ማምለጥ ከቻላችሁ ደግሞ ሽሹ፤ እግር እያለ ሽጉጥ አይመዘዝም።

በዚህ በመጨረሻው ጋሼ ተክሌ ቅር አላቸው። «ልሽሽ ብል ኖሮ ስኒከር አልገዛም ነበር? በዋጋም ይሻለኝ ነበር» አሉ።

ከሁሉም በላይ ግን ምክሩ አጥብቆ የሚናገረው ሌላ ነገር ነበር፦ መታጠቅህን ማንም አይወቅ፣ ሽጉጡ ያለበትን ጎንህንም ማንም አይንካ። ይህን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። እንዳይረሱት ደጋግሜ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ።

ምክሩን የጻፉት ሰዎች ግን ሐረርን አያውቋትም። እነሱ አገር ሰው ከሰው ጋር ሲገናኝ ከሩቅ እጁን አንስቶ የሚያልፍ ይመስለኛል። እኛ ዘንድ ቀኝ እጅ ይጨበጣል፣ ቀኝ ትከሻ ከቀኝ ትከሻ ይጋጫል፣ ግራ እጅ ዞሮ ወገብ ያቅፋል፤ ያ ሁሉ ተደርጎ ሲያበቃ «ምነው ጠፋህ?» ይባልና እንደገና ይጀመራል። ጋሼ ተክሌ ደግሞ ከሸዋ በር እስከ ፈረስ መጋላ ድረስ የማያውቃቸው ሰው የለም። ሽጉጡ የታሰረው በቀኝ ወገባቸው ነው። እናም ክርናቸውን ከጎናቸው ለጥፈው፣ ሰው በመጣ ቁጥር ግራቸውን እያስቀደሙ፣ በጀጎል ጠባብ መንገድ ጭነት ከያዘ አህያ ጋር እንደሚተላለፍ ሰው በጎን መሄድ ጀመሩ። በዚያ ሙቀት ኮታቸውን አያወልቁም። ሠርግ ተጠርተው ለእስክስታ ሲጎተቱ ከወንበሩ ጋር እንደተሰፉ ቀሩ።

ከሁሉ በፊት ያስተዋላቸው ጋሽ ኡመር ነው። ጎን ለጎን ሱቅ አላቸው፤ እሱ ብርድ ልብስ ይሸጣል። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ኡመር ጫቱን ይዞ፣ ጋሼ ተክሌ ሻያቸውን ይዘው፣ ከብርድ ልብሱ ክምር ጀርባ ትራስ ላይ ጋደም ብለው መጫወት የቆየ ልማዳቸው ነው። ሽጉጥ ግን ጋደም አያስብልም።

«ተክሌ፣ ምን ሆነህ ነው ዳኛ ፊት እንደቀረበ ሰው የምትቀመጠው? ጋደም በል አቦ!»

«እንዲህ ይሻለኛል።»

«ዋላሂ፣ አንተ ሰውዬ ሰሞኑን አልጣምከኝም።»

ከዚያ ጥያቄው ወደ እኔ መጣ። እትዬ ጥሩነሽ የሰፈራችንን እድር የሚመሩ ሴት ናቸው። ማን እንደታመመ ከታማሚው ቀድመው ያውቃሉ። በራችን ላይ ጠበቁና ያዙኝ።

«ነይ እስቲ አንቺ። አጎትሽ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያጋድለው?»

ምን ልበል? ሽጉጥ ነው ልበል? ራሴ ያነበብኩትን ምክር ራሴ ላፍርስ?

«ወገባቸውን አሟቸው ነው» አልኩ።

እስከዚህ ድረስ ያለውን እግዜርም ፈገግ ብሎ የሚያልፈው ይመስለኛል። አደራ ጠባቂ ነበርኩ። እዚያ ላይ ዝም ብዬ ቤቴ ገብቼ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ግን እትዬ ጥሩነሽ «ምን ዓይነት ሕመም?» ብለው ዓይኔን እያዩ መልስ ጠበቁ። ሰው ዓይኔን እያየ መልስ ሲጠብቀኝ የመጀመሪያዬ ነበር። የምሠራው ክሊኒክ ነዋ! ገንዘብ ተቀባይ ነኝ። በእኛ ሰፈር ግን ክሊኒክ የሚሠራ ሁሉ፣ ዘበኛውም ጭምር፣ ሐኪም ነው።

«ዲስክ ነው» አልኩ።

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«በአጥንትና በአጥንት መሀል ትንሽ ትራስ አለች። እሷ ተንሸራታ ነው።»

«ውይ ትራሷ!» አሉ እትዬ ጥሩነሽ ደረታቸውን ይዘው።

ከዚያን ቀን ወዲያ ከሥራ ስመለስ በየበሩ የሚያስቆመኝ በዛ። «አጎትሽ ዛሬስ እንዴት ዋለ?» ይላሉ፤ ዙሪያዬን ይከቡኛል፤ እኔ ስናገር ዝም ይላሉ። እኔ ስናገር! እኔም በየምሽቱ ስለ ዲስክ እያነበብኩ ለነገው የሚነገር አዲስ ነገር አዘጋጅ ነበር። ነርቭ ጨመርኩ። የእግር መደንዘዝ ጨመርኩ። «ሲብስ አልጋ ላይ ያውላል» አልኩ። «ሽንት መቆጣጠርም ሊያቅት ይችላል» አልኩ። ይህን ሁሉ ስል አልተንተባተብኩም፣ መሬት መሬት አላየሁም። አስገድዶኝ ነው? ማን አስገደደኝ? ለጋሼ ምስጢር ብዬ ነው? ለምስጢሩማ «ወገባቸውን አሟቸው» ይበቃ ነበር። እውነቱን ልናገር? ደስ ይለኝ ነበር። በሰው ወገብ ላይ ቆሜ ሰው ሆንኩ።

ጋሼ ተክሌ ቤት ብርቱካን ጎረፈ። እርጎ መጣ፣ ጠበል በጀሪካን መጣ።

«ይሄ ሁሉ ብርቱካን ምንድን ነው?» አሉኝ።

«አካሄድዎን አይተው ያመመዎት መስሏቸው ነው።»

ዋሸሁ፤ እንደገና እኔ ዋሸሁ።

«ይምሰላቸው! ሽጉጥ ከሚሉ ወገብ ቢሉ ይሻላል» ብለው አንዱን ልጠው በሉ፣ ለእኔም አካፈሉኝ። የተወራባቸው ትንሽ ቁርጥማት መስሏቸዋል። ነርቩን አያውቁ፣ ሽንቱን አያውቁ። እኔም ብርቱካኑን በላሁ። ጣፋጭ ነበር።

ቀጥሎ ወጌሻው መጣ። ጋሽ ኡመር ጓደኛው ሲሰቃይ ማየት አልችል ብሎ፣ ሳይጠይቃቸው ከኤረር በር ውጪ ካለ መንደር ሙሜ የሚባል ወጌሻ ይዞ ከተፍ አለ። የዕረፍት ቀኔ ስለነበር የጋሼ ሱቅ ውስጥ ነበርኩ። ሙሜ ግዙፍ ሰው ነው፤ መዳፉ የባልዲ ክዳን ያህላል። ጋሼ ከመደርደሪያው ጀርባ ለመውጣት ቦታ አልነበራቸውም።

«ደህና ነኝ! ተሽሎኛል!» ይላሉ።

«ሁሉም ታማሚ እንዲህ ነው የሚለው» አለ ሙሜ። «ቢስሚላሂ» ብሎ በኮቱ ላይ ቀኝ ወገባቸውን ጨመደደው።

እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጋሼ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼው የማላውቀውን ጩኸት ጮኹ። ሕመም አይደለም፤ ይባርቅብኛል ብለው ነው። ሙሜ ግን እጁ እንዳለ ሆኖ ፊቱ በራ።

«አጥንቱ ወጥቷል! እዚህ ጋ ቆሟል! እንደ ብረት ጠጥሯል!»

«ያ አላህ!» አለ ጋሽ ኡመር፣ እንባው መጣ። «ተክሌ፣ ይህን ተሸክመህ ነው እንዴ ሻይ የምትጠጣው?»

«ልቀቀኝ! አትንካው! ልጅት፣ ንገሪያቸው እንጂ!»

ንገሪያቸው አሉኝ። ምን ልንገራቸው? ከንፈሬን ነክሼ ቆምኩ፤ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። አዎ፣ ይህንንም እናዘዛለሁ፤ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ጋሼ እንደምንም ሾልከው አደባባዩን በሩጫ አቋረጡ። ጩኸታቸው ግን እሳቸው ሳይደርሱ ሸዋ በር ደረሰ፤ እትዬ አስካለ ሱቅ ድረስ ገባ።

አሁን እውነተኛው ኃጢአቴ ጋ ደረስኩ። እስካሁን ስቃችሁ ከሆነ አሁን አቁሙ።

ጋሼ ተክሌ ሽጉጡን ከታጠቁ ወዲህ ልባቸው ሞልቶ ነበር። እትዬ አስካለ ዘንድ ሽማግሌ ልከዋል። እትዬ አስካለም አልተቆጡም፣ «ላስብበት» ነው ያሉት። ከወጌሻው ጩኸት በኋላ እትዬ አስካለ ክሊኒካችን መጡ። ደም ግፊታቸውን ሊለኩ የመጡ መስለው ተሰለፉ። ተራቸው ሲደርስ እኔ ካለሁበት መስኮት ላይ ጎንበስ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ልጄ፣ አንቺ ቁጥብ ልጅ ነሽ፣ አታጋንኚም። ለዚህ ነው አንቺ ጋ የመጣሁት። ሟቹ ባሌ አልጋ ላይ ሲውል ያገላበጥኩት እኔ ነኝ። ያጠብኩት እኔ ነኝ። ዓመታት ነው የወሰደው። ክፋት አይምሰልሽ፤ ተክሌን ልቤ ወዷቸዋል። ሳይፈልጉት ክር ሲገዙኝ እያየሁ ዝም የምለው ወድጄ ነው። ግን ሌላ ሰው አልጋ ላይ ማገላበጥ አልችልም፤ ጉልበቱም የለኝ፣ ልቡም የለኝ። እውነቱን ንገሪኝ። ይድናሉ?»

አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚያስፈልገው። «እትዬ፣ ጋሼ ጤነኛ ናቸው፤ ስለ ዲስኩ የዋሸሁት እኔ ነኝ።» ይኸው ነው። የሽጉጡን ነገር እንኳ ማንሳት አያስፈልገኝም ነበር። አፌን ከፈትኩ። ከእትዬ አስካለ ትከሻ ኋላ እትዬ ጥሩነሽን ተሰልፈው አየኋቸው፤ ከእሳቸው ኋላ በየበሩ የሚከቡኝ ሴቶች። ሁሉም ጆሯቸውን አቁመዋል። እውነቱን ብናገር ፊቴ ሊቀላ ነው፣ ውሸታም ልባል ነው፣ ነገ ማንም ላያስቆመኝ ነው።

«ይሻላቸው ይሆናል» አልኩ። «ግን ይሄ ነገር ይመለሳል። እንግዲህ እግዜር ያውቃል።»

ብዬም ተነፈስኩ። ረጅም፣ ሐዘንተኛ ትንፋሽ። ያችን ትንፋሽ ማን አዘዘኝ? ቃሉ ባይበቃኝ ነው ትንፋሽ የጨመርኩበት? እትዬ አስካለ የመስኮቱን ጠርዝ ለቀቁ። «እግዜር ይስጥሽ፣ አንቺ ባትኖሪ ማን እውነቱን ይነግረኝ ነበር» አሉና ደም ግፊታቸውን ሳይለኩ ወጡ።

መልሱ በሽማግሌዎቹ በኩል መጣ። «አቅም የለኝም ብለዋል» ተባለ፤ ከዚህ በላይ ምንም አልተባለም። ጋሼ ተክሌ በራቸው ደፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። እግራቸውን ቁልቁል አዩና «ካልሲው ነው» አሉኝ። «አልረሳችውም።»

አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። እኔ አውቅ ነበር። እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቀው። «አይደለም ጋሼ» አላልኩም። እጃቸውን እንኳ አልያዝኩም።

በሳምንቱ ሽጉጡንም ፈቃዱንም ወስደው ለሰጧቸው ክፍል መለሱ። «የምታየኝ ሰው ከሌለች ለማን ብዬ እታጠቃለሁ?» አሉ። በማግስቱ ቀጥ ብለው መሄድ ጀመሩ። ትከሻቸውን እንደ ድሮው ለሁሉም ሰጡ፣ ከብርድ ልብሱ ጀርባ ጋደም አሉ። ሰፈሩ ጉድ አለ! ጋሽ ኡመር «አልሐምዱሊላህ! በአንድ ጭምቂያ!» እያለ ለመላው ፈረስ መጋላ አወራ። ሙሜ ዛሬ ስሙ የገነነ ወጌሻ ነው፤ ከሩቅ አገር ሁሉ ወገባቸውን የያዙ ሰዎች እየጠየቁ ይመጣሉ። እነዚህን ሰዎች ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይራለሁ፤ የሙሜ መዳፍ ውስጥ የከተትኳቸው እኔ ነኝና።

ጋሽ ኡመር ደስታው አላስችል ብሎት እትዬ አስካለ ሱቅም ሄዶ ነበር። «ድኗል፣ ዋላሂ፣ ድኗል! እንደ ጎረምሳ ነው የሚራመደው!» ብሏቸዋል። የሰጡትን መልስ ራሱ ነው ያወጋኝ፤ የሰማው ከእኔ አፍ የወጣ ውሸት መሆኑን ግን አላወቀም።

«ይመለሳል» ነው ያሉት እትዬ አስካለ። «የክሊኒኳ ልጅ ነግራኛለች።»

ጋሼ ተክሌ ዛሬም ብቻቸውን ናቸው። ክር መግዛት ትተዋል። ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ሸዋ በርን በሌላ በኩል ዞረው ያልፋሉ። ዓይነ አፋር ስለሆንኩ ነው እንዳልል፣ ዓይነ አፋርነቴ ስዋሽ የት ነበር? ልጅ ነበርኩ እንዳልል፣ ዲግሪዬን ግድግዳ ላይ ሰቅያለሁ። ምክሩ ነው ያሳሳተኝ እንዳልል፣ ምክሩ ትንፋሽ ጨምሪበት አላለም። ሽጉጡ አንድም ጥይት ሳይተኮስበት ተመለሰ። እኔ ግን ሰው መታሁ፤ ጣቴም ከምላጩ ላይ እስከ ዛሬ አልተነሳም።

ስለዚህ ለእናንተ ከተናዘዝኩ በኋላ ይህን ወረቀት ነገ በእጄ ይዤ ሸዋ በር እሄዳለሁ። አፌ እንደሚተሳሰር አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው የጻፍኩት። ከቁልፎቹ ሳጥን ላይ አስቀምጬው እቆማለሁ፣ አልሮጥም።

እትዬ አስካለ፣ እዚህ ድረስ አንብበው ከሆነ፦ ጋሼ ተክሌ ወገባቸውን አሟቸው አያውቅም። አንድም ቀን። ዋሽቼዎት ነው፤ እያወቅኩ፣ እርስዎ እያመኑኝ። ይቅር ይበሉኝ አልልዎትም፤ ለእኔ ያለዎት ቁጣ ቢያድርም አይበላሽም። መጀመሪያ ወደ ፈረስ መጋላ ይሂዱ። ቤታቸው የሚጠብቃቸው ሰው ስለሌለ ሱቃቸውን የሚዘጉት አምሽተው ነው።